ሳውዝ ካሮላይና ዳግም የተመሠረተችበት ዓመት፦ የ1868ቱ ሕገ መንግሥትና አፍራሾቹ

የሳውዝ ካሮላይና ታሪክ ሲጻፍ የሚጠቀሱት ቀኖች ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው። በ1670 እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ቻርለስተንን ቆረቆሩ። በ1832 ግዛቲቱ የፌዴራሉን የቀረጥ ሕግ አልቀበልም ብላ ከፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ጋር ተፋጠጠች። ዲሴምበር 20 ቀን 1860 ላይ 169 ተወካዮች ያለ አንድ ተቃውሞ ከኅብረቱ ለመገንጠል ወሰኑ፤ አራት ወር ሳይሞላም በፎርት ሰምተር ላይ የተተኮሰው መድፍ የእርስ በርስ ጦርነቱን ለኮሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ሁነቶች ትልቅ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን አራቱም የጥቂት ባለጠጎች ውሳኔዎች ናቸው፤ የግዛቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ክፍል በአንዳቸውም ላይ ቃሉ አልተጠየቀም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ሳውዝ ካሮላይና የሕዝቧ መንግሥት ሆና የተመሠረተችው በጃንዋሪ 1868 ቻርለስተን ላይ በተከፈተው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ነው የሚል ነው። ለዚህም ትልቁን ማስረጃ የሚሰጡን የጉባኤው ተቃዋሚዎች ራሳቸው ናቸው፤ ያን ሕገ መንግሥት ለመቀልበስ የከፈሉት ዋጋና የፈጀባቸው ዘመን ሰነዱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ይናገራል።

ከ1868 በፊት የነበረውን ሥርዓት በቅጡ ሳናይ ክርክሩ አይገባንም። በ1860ው ቆጠራ ግዛቲቱ 703,708 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከእነዚህ 402,406ቱ፣ ማለትም ከመቶ 57ቱ፣ ባሮች ነበሩ። ሩዝ ያበቀሉት፣ ጥጥ የለቀሙት፣ የቻርለስተንን ሕንጻዎች ያነጹት እነሱ ናቸው። በ1739 በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ካመፁ በኋላ በወጣው የ1740 ሕግ ባሪያን መጻፍ ማስተማር ወንጀል ሆነ፤ በ1834 ደግሞ ማንበብ ማስተማርም ተከለከለ። ነጮቹስ ቢሆኑ ሁሉም ሥልጣን አልነበራቸውም። በ1790ው ሕገ መንግሥት መሠረት ለታችኛው ምክር ቤት ለመመረጥ 500 ኤከር መሬትና አሥር ባሮች፣ ወይም የ150 ፓውንድ ርስት ማስመዝገብ ግድ ነበር። አሥር ሰዎችን በባርነት መግዛት ለሕግ አውጪነት ማብቂያ ተብሎ በሕገ መንግሥት ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ገዢውን የሚመርጠው ያው ምክር ቤት ነበር። ለፕሬዚዳንት ምርጫም እስከ 1860 ድረስ መራጭ ልዑካንን የሚሾመው ምክር ቤቱ ስለነበረ፣ ሌሎች ግዛቶች ይህን ትተው ለሕዝብ ሲሰጡ ሳውዝ ካሮላይና ብቻ እስከ መጨረሻው ጸናችበት። ስለዚህ በ1860 «የሳውዝ ካሮላይና ሕዝብ ተገነጠለ» የሚለው አነጋገር ከእውነቱ የራቀ ነው። የተገነጠሉት ባሪያ አሳዳሪዎቹ ናቸው፤ ምክንያታቸውንም በአዋጃቸው አልደበቁም፣ የሰሜን ግዛቶች የሸሹ ባሮችን አልመልስ አሉን የሚለው ክስ በግልጽ ሰፍሮበታል።

ይህ ሁሉ እየሆነ፣ ከድምፅም ከፊደልም የተከለከለው ሕዝብ ለፖለቲካ ባዳ አልነበረም። ሜይ 13 ቀን 1862 ሌሊት በቻርለስተን ወደብ የሆነውን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ፕላንተር የተባለችው የኮንፌዴሬሽኑ የጦር ማመላለሻ መርከብ ነጭ መኮንኖች መርከቢቱን ትተው ለማደር ወደ ከተማ ወጡ። መሪ ዘዋሪው የ23 ዓመቱ ባሪያ ሮበርት ስሞልስ ሞተሩን አስነሳ፤ በሌላ መትከያ ተደብቀው የሚጠብቁትን የራሱንና የጓደኞቹን ቤተሰቦች ጫነ፤ የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የካፒቴኑን አቋቋም ቆሞ፣ የይለፍ ምልክቱን በፊሽካ እየሰጠ በፎርት ሰምተር መድፎች ሥር አለፈ። ከመድፎቹ ክልል ሲወጣ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ መርከቢቱንና በላይዋ ያሉትን 16 ሰዎች ለኅብረቱ ባሕር ኃይል አስረከበ። ይህ የጀግንነት ተረክ ሆኖ ብቻ ቢነገር ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ድርጊቱ የሚመሰክረው ለረጅም ጊዜ የተደረገ ምክክርን፣ የጠላትን አሠራር ጠንቅቆ ማወቅንና ምሥጢር መጠበቅን ነው። የኅብረቱ ጦር ከኖቬምበር 1861 ጀምሮ በያዛቸው የቦፈርት ደሴቶችም፣ ባለቤቶቹ በሸሹባቸው እርሻዎች ላይ የቀሩ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ለደመወዝ መሥራት፣ መሬት መግዛትና ልጆቻቸውን ማስተማር ጀምረው ነበር። በሴንት ሄለና ደሴት የተከፈተው የፔን ትምህርት ቤት የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። በ1868 በጉባኤው ወንበር የያዙት ጥቁሮች ከስድስት ዓመት የነፃነት ልምምድ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ስሞልስም አንዱ ነበር።

ጉባኤው 124 ተወካዮች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ጥቁሮች ነበሩ። ከሁለት ወር ክርክር በኋላ ያወጡት ሕገ መንግሥት በዘር ሳይለይ ለአዋቂ ወንዶች ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ በዕዳ ምክንያት መታሰርን አስቀረ፤ ያገባች ሴት የራሷ ንብረት ባለቤት እንድትሆን ፈቀደ፤ በግዛቲቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍቺን አስተናገደ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በግብር የሚተዳደርና ለሁሉም ልጅ ክፍት የሆነ ነፃ የሕዝብ ትምህርት ቤት የግዛቲቱ ግዴታ እንዲሆን መደንገጉ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ1811 ሕግ ለድሆች ነጭ ልጆች የተተወ ምጽዋት እንጂ ሥርዓት አልነበረም። አዲሱ አዋጅ በወረቀት አልቀረም፤ በ1876 በትምህርት ገበታ ላይ የነበሩት ልጆች ከ120 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር፣ በዚህም ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ልጆች ነበሩ። ባሪያ የነበሩ ሰዎች ሥልጣን ሲይዙ ያሳዳሪዎቻቸውን ልጆች ፊደል ለማስቆጠር ግብር ጣሉ። በአሜሪካ ታሪክ ይህን የሚስተካከል የመንፈስ ልዕልና ብዙ አላውቅም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ሕገ መንግሥቱ በፌዴራሉ ጦር ሳንጃ የተጫነ ነው የሚል ነው። ጉባኤው የተጠራው ኮንግረስ በ1867 ባወጣቸው የመልሶ ግንባታ ሕጎች መሆኑ እውነት ነው። ግን ነጮቹ ያለ ጦር ጫና፣ ብቻቸውን፣ በ1865 የሠሩትን እንመልከት። የንብረት መስፈርቱን አስቀሩ፣ ገዢው በሕዝብ እንዲመረጥ ፈቀዱ፤ ለራሳቸው ለነጮቹ ብቻ። ከዚያም ጥቁር ሕጎች የሚባሉትን አወጡ፦ ከእርሻና ከቤት አገልጋይነት ሌላ ሥራ የሚሻ ጥቁር ከዳኛ ፈቃድ አውጥቶ በየዓመቱ ይከፍላል፣ ክፍያውም ለእጅ ባለሙያ 10 ዶላር፣ ለሱቅ ነጋዴ 100 ዶላር ነበር፤ ቀጣሪውም በሕጉ ቋንቋ «ጌታ» ተብሎ ተጻፈ። የፌዴራሉ ጣልቃ ገብነት የመጣው ይህን አይቶ ነው። በሌላ በኩል የ1868ቱ ሰነድ በኤፕሪል ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ በከፍተኛ ድምፅ ጸደቀ። ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥቶች ሁሉ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው እሱ ብቻ ነው። የ1790ውም፣ የ1865ቱም፣ ኋላ የመጣው የ1895ቱም በተወካዮቻቸው ፊርማ ብቻ ሥራ ላይ ዋሉ። ጦር የጠበቀው ድምፅ መስጫውን ነው፤ ድምፁን የሰጡት ግን ሰዎቹ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ የመልሶ ግንባታው መንግሥት በሙስና የተዘፈቀ ነበር ይላል። ይህን ማስተባበል አይቻልም፣ ለማስተባበልም መሞከር ለእነዚያ ሰዎች ክብር አይጨምርም። ከ1872 እስከ 1874 የገዛው ፍራንክሊን ሞዘስ በጉቦና በብክነት ስሙ የጠፋ ሰው ነበር፤ ለድሆች መሬት ገዝቶ እንዲያከፋፍል የተቋቋመው የመሬት ኮሚሽንም በመጀመሪያ ዓመታቱ ተመዝብሯል። ነገር ግን ኃይለኛው ጥቃት ወደ ማን እንደተሰነዘረ ብናይ፣ ሙስናው የጥላቻው ሥር እንዳልነበረ እንረዳለን። በ1871 ፕሬዚዳንት ግራንት በዘጠኝ አውራጃዎች አካልን ነፃ የማውጣት መብትን እስከ ማገድ ያደረሰው የኩ ክሉክስ ክላን ግድያና ግርፋት ያነጣጠረው በመራጮችና በአካባቢ መሪዎች ላይ ነበር። ሞዘስን የተካው ዳንኤል ቻምበርሌን ወጪ የቀነሰ፣ ሌቦችን የተጋፈጠ ለውጥ አራማጅ ነበር፤ የመጨረሻው ዘመቻ የተከፈተው ግን በእሱ ዘመን ነው። ጁላይ 8 ቀን 1876 በሃምቡርግ ከተማ የታጠቁ ነጮች በጥቁሮች ሚሊሺያ ላይ ዘምተው ስድስት ጥቁሮች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ የተገደሉት ከተያዙ በኋላ ነው። አንድም ገዳይ አልተቀጣም። ከነጮቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ማቲው በትለር በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ሴናተር ሆነ። ጥያቄው የመንግሥት ንጽሕና ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ለሹመት ባልታጨ ነበር።

የ1868ቱ ሰዎች እውነተኛ ድክመት እኔ እንደማየው ሌላ ነው፤ መሬት ነው። ጉባኤው የባሪያ አሳዳሪዎችን እርሻ መውረስን አልፈቀደም። በምትኩ ኮንግረስ መሬት መግዣ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲያበድር ጠየቀ፤ ተከለከለ። ኮሚሽኑ ከተስተካከለ በኋላ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች ትንንሽ ማሳዎች አድርሷል፣ በግዛቲቱ ምዕራብ የሚገኘው ፕሮሚስድ ላንድ የተባለው መንደርም እስከ ዛሬ አለ። ይሁንና አብዛኛው ነፃ የወጣ ገበሬ በሰው መሬት ላይ እኩል አራሽ ሆኖ ቀረ፤ በምርጫ ቀን ደግሞ የመሬቱ ጌታ ፊቱን ያየዋል። ለንብረት ክብር ሲባል የተደረገው ይህ ጥንቃቄ በኋላ ለተቃዋሚዎቹ መሣሪያ ሆናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ስምንት ዓመት ብቻ የቆየ ነገር እንዴት መሠረት ይባላል የሚል ነው። መልሱ ያለው ለማፍረስ ምን እንዳስፈለገ በመቁጠር ነው። በ1877 ፕሬዚዳንት ሄይዝ ወታደሮቹን አስወጥተው የነጮቹ መሪ ዌድ ሃምፕተን የገዢነቱን ሥልጣን ሲይዝ፣ የጥቁሮች ድምፅ ገና አልጠፋም ነበር። ስለዚህ በ1882 የስምንት ሳጥን ሕግ የሚባለው ወጣ። መራጩ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲገባ ስምንት ሳጥኖች ተደርድረው ያገኛል፤ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለኮንግረስ፣ ሌሎቹም እንዲሁ ለየሹመቱ። ወረቀቱን በተገቢው ሳጥን ካልጨመረ ድምፁ ይጣላል። በሳጥኖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ሰው በጓደኛ ምክር ቅደም ተከተሉን ቢያጠና እንኳ አስመራጮቹ የሳጥኖቹን ቦታ ያቀያይሩበታል። ባሮችን ማንበብ ማስተማርን በሕግ የከለከለች ግዛት፣ አለማንበብን የመብት መንጠቂያ አደረገችው። ውጤቱ በቁጥር ይታያል፦ በ1876 ጥቁሮች የሚመርጡት የሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ከ91 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቶ ነበር፤ በ1888 ያገኘው ወደ 14 ሺህ ብቻ ነው።

ይህም አልበቃም። በሃምቡርግ ከነበሩት ታጣቂዎች አንዱ፣ በዚያም በአደባባይ የሚኩራራው ቤን ቲልማን በ1895 አዲስ ጉባኤ አስጠራ። ከ160 ተወካዮች ስድስቱ ብቻ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከስድስቱም አምስቱ ከቦፈርት የመጡ ናቸው። ከእነሱ መካከል የፕላንተሩ ሮበርት ስሞልስ በሃምሳዎቹ ዕድሜው ላይ ሆኖ፣ በ1868 የደገፈው ሰነድ አንቀጽ በአንቀጽ ሲፈርስ እያየ ተከራከረ። አዲሱ ሕግ ማንበብና መጻፍ ወይም የ300 ዶላር ንብረት፣ የሁለት ዓመት ነዋሪነትና አስቀድሞ የተከፈለ የምርጫ ግብር ጠየቀ። ማንበብ ለማይችሉ ነጮች ማምለጫ እንዲሆን፣ እስከ 1898 መባቻ ሕገ መንግሥቱ ሲነበብለት «ገባኝ» ያለና አስመራጩን ያሳመነ ሰው ይመዘገባል ተባለ፤ ዳኛው አስመራጩ ነው። ፍቺ ተከለከለ፤ ትምህርት ቤቶች በዘር እንዲለዩ ታዘዘ። ስሞልስ አልፈርምም አለ። ሰነዱ ለሕዝብ ድምፅ አልቀረበም።

ግን አንድ ነገር ማፍረስ አልቻሉም። ነፃ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚለው ግዴታ በ1895ቱ ሕገ መንግሥትም ውስጥ ቀረ፤ ነጭ ወላጆችም ስለለመዱት የሚደፍረው አልተገኘም። በዘር ከፍለው አደኸዩት እንጂ አልሰረዙትም። በ1949–50 የትምህርት ዓመት በክላረንደን አውራጃ ለአንድ ነጭ ልጅ 179 ዶላር፣ ለአንድ ጥቁር ልጅ 43 ዶላር ይወጣ ነበር። የዚያ አውራጃ ወላጆች መጀመሪያ የጠየቁት ለልጆቻቸው አንድ አውቶቡስ ነበር፤ ተከለከሉ፤ ክሱ አደገና ብሪግስ በኤሊዮት ላይ የተባለው መዝገብ ሆነ። በ1951 ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ፈረዱባቸው፤ የቻርለስተኑ ተወላጅ ዳኛ ዌቲስ ዌሪንግ ግን መለያየቱ ራሱ እኩልነትን ያፈርሳል ብሎ በተለየ ሐሳብ ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ መዝገብ ከሌሎች ጋር አጣምሮ በብራውን ጉዳይ ያን አቋም ተቀበለ። እዚህ ላይ ነው ተቃዋሚዎቹ ያልደፈሩትን የደፈሩት። ፍርዱ ሳይመጣ በፊት፣ በ1952፣ የግዛቲቱ መራጮች የሕዝብ ትምህርት ቤት ግዴታን ከሕገ መንግሥቱ ለማውጣት ድምፅ ሰጡ። ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል ከሚቀመጡ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ግዴታ መሆኑ ይቅር ማለታቸው ነው። የ1868ቱን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት የራሳቸውንም ልጆች መብት አብረው መጣል እንዳለባቸው የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

አንቀጹ በ1973 ተመለሰ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1970፣ ሦስት ጥቁሮች ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመርጠዋል፤ ከ1902 ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በ1993 አቢቪልን ጨምሮ ድሃ የገጠር የትምህርት ወረዳዎች በዚህ አንቀጽ ላይ ተመሥርተው ግዛቲቱን ከሰሱ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1999 አንቀጹ ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ በቂ ትምህርት የማግኘት ዕድልን እንደሚያስገድድ ወሰነ፤ በ2014 ደግሞ ግዛቲቱ ያን ግዴታ አልተወጣችም ብሎ በሦስት ለሁለት ድምፅ ፈረደ። የቲልማን ጉባኤ ያጸደቀው ሕገ መንግሥት እየተሻሻለ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ የገጠር ልጆች በፍርድ ቤት የቆሙበት አንቀጽ ግን የ1868ቱ ሰዎች የተከሉት ነው።