የምግብ ፎቶግራፍ ሙያ፦ ከመስኮት ብርሃን እስከ ጽሑፍ ውል

የምግብ ፎቶግራፍ ማለት ምግብን ለምናሌ፣ ለማስታወቂያ፣ ለማሸጊያ ወይም ለማኅበራዊ ሚዲያ በሚያገለግል መልኩ ማንሳት ነው። ከሠርግና ከስቱዲዮ ፎቶ የሚለየው ዋና ነገር ተመልካቹ ምግቡን የማይቀምሰውና የማያሸተው መሆኑ ነው። ትኩስነቱንም ጣዕሙንም የሚገምተው በዓይኑ ብቻ ነው። ዛሬ ትልልቅ ሆቴሎች ብቻ ሳይሆኑ ኬክ ቤቶች፣ የምግብ ማድረሻ መተግበሪያዎችን የሚጠቀሙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች፣ ሳምቡሳ ቤታቸው ጠብሰው በቴሌግራም የሚሸጡ እናቶችም ጥሩ ፎቶ ይፈልጋሉ። ይህ ጽሑፍ ሙያውን ተምረው መተዳደሪያቸው ሊያደርጉት ለሚያስቡ መነሻ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው።

ብርሃን ከካሜራ ይቀድማል

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «ብርሃኑ ከየት ይምጣ?» የሚለው ነው። የስልክ ፍላሽን ጨምሮ ከፊት በቀጥታ የሚመታ ብርሃን ምግቡን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ከጎን ወይም ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ግን የእንጀራውን ዓይን፣ የወጡን ቅባትና የዳቦውን ቅርፊት አጉልቶ ያሳያል።

ለልምምድ የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ጠረጴዛውን መስኮት አጠገብ ያስጠጉ። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ነጭ አቡጀዲ ወይም ነጠላ መስኮቱ ላይ ይጋርዱ። ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ነጭ ካርቶን ቢያቆሙ ጥላው ይለሰልሳል፤ ጥቁር ካርቶን ቢያቆሙ ጥላው ይጠልቃል። የክፍሉን አምፖል ማጥፋት አይርሱ። የቀን ብርሃን የቀለም ሙቀት 5500 ኬልቪን ገደማ ሲሆን ቢጫ የቤት አምፖል ግን ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሳህኑ ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ይሆናል፤ ይህን በኋላ በኮምፒውተር ማረም አድካሚ ነው።

ለመጀመር የሚበቃ ዕቃ

ለመማር ጥሩ ስልክ ይበቃል። ስልኩን ወደ ሳህኑ በጣም ማስጠጋት ቅርጹን ስለሚያዛባ ትንሽ ራቅ ብሎ በ2 እጥፍ አቅርቦ ማንሳት ይሻላል። ለሕትመትና ለማሸጊያ የሚሆን ሥራ ሲመጣ ሌንሱ የሚቀያየርና በሮው ፎርማት የሚቀርጽ ካሜራ ያስፈልጋል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ብዙ መሥራት ይቻላል፤ ለቅርብ ዕይታ ከ90 እስከ 105 ሚሊሜትር ያለው ማክሮ ሌንስ ይመረጣል። ጀማሪዎች ዳራውን ለማደብዘዝ ሲሉ የሌንሱን ቀዳዳ ከልክ በላይ ይከፍታሉ፤ ያን ጊዜ ከምግቡ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ይሆናል። ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ያለው ለአብዛኛው ምግብ ጥሩ መነሻ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራውን እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ከውድ ሌንስ በፊት ሊገዛ ይገባል።

የአገራችን ምግቦች ጠባይ

አንግል የሚመረጠው እንደ ምግቡ ነው። የበያይነቱ ውበት ያለው በቀለማቱ አደራደር ስለሆነ ቀጥታ ከላይ ሲነሳ ያምራል። ኬክና በርገር ቁመታቸው እንዲታይ ከጎን ይነሳሉ። ሾርባና በሳህን የቀረበ ወጥ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ይመቻቸዋል።

ዶሮ ወጥ ፈታኝ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ ስለሆነ ብርሃን ይውጣል፤ ቅቤው እንዲያብረቀርቅ ብርሃኑ ከኋላ መምጣት አለበት። በማረሚያ ፕሮግራም ቀዩን ከመጠን በላይ ከፍ ካደረጉት በርበሬው የቲማቲም ድልህ ይመስላል። እንጀራ ጠርዙ ቶሎ ይደርቃል፣ ወጡም ውስጡ ይሰርጋል። ስለዚህ አንግሉንና ብርሃኑን በሌላ ሳህን አስተካክለው ከጨረሱ በኋላ እንጀራውን ከመሶብ ያውጡ። የተጋቢኖ ሽሮ ፍላት የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ካሜራው ተዘጋጅቶ ሽሮውን ይጠብቅ እንጂ ሽሮው ካሜራውን መጠበቅ የለበትም። ጥሬ ክትፎ በቆየ ቁጥር ስለሚጠቁር ከሌሎቹ አስቀድሞ ይነሳ። የቡና እንፋሎት የሚታየው ከበስተጀርባው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖርና ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ነው።

ማሳመር የት ላይ ያበቃል?

በማስታወቂያው ዓለም ለወተት ሙጫ፣ ለአይስክሬም የተፈጨ ድንች መጠቀም የታወቀ ዘዴ ነው። የካምቤል ሾርባ ማስታወቂያ በታሪክ ይጠቀሳል፤ አትክልቱ ከላይ ተንሳፎ ብዙ እንዲመስል ከሥር ብይ በመቀመጡ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1970 በስምምነት ትእዛዝ ዘግቶታል። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ለሙስሊም ባለሙያ ጉዳዩ ከሕግም ያልፋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥበት ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን የወቀሱበት ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። የነጋዴው ጥፋት እርጥቡን ከታች መደበቁ ነበር። ፎቶም ከላይ ያለውን ብቻ የሚያሳይ «ክምር» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መስመሩን እንዲህ ማስመር ይቻላል፦ ሳህኑን መጥረግ፣ ቅጠሉን ማደስ፣ ቁራጩን በሚያምርበት በኩል ማዞር ማሳመር ነው። ደንበኛው የማያገኘውን መጠን ወይም የማይቀርብለትን ሥጋ ማሳየት ማታለል ነው። በእውነተኛ ምግብ መሥራት ሌላም ጥቅም አለው፤ ከቀረጻ በኋላ ምግቡ ይበላል ወይም ለተቸገረ ይሰጣል፣ ኢስራፍም አይሆንም።

በምስል ዙሪያ በዑለማዎች መካከል ያለው ውይይት የሚያተኩረው ሩሕ ባላቸው ፍጡራን ላይ በመሆኑ ምግብንና ግዑዝ ነገሮችን አይነካም። አልኮልና የአሳማ ሥጋ ያለበትን ምናሌ አለመቅረጽ የሚፈልግ ባለሙያ ግን አቋሙን ከስምምነት በፊት በግልጽ ይናገር፤ በቀረጻው ቀን መናገር ደንበኛውን ይጎዳል።

ዋጋ እንዴት ይወጣል?

የጎረቤትን ዋጋ ሰምቶ ከዚያ ዝቅ ማድረግ ብዙዎችን ከሙያው አስወጥቷል። ሒሳቡ ከራስ ወጪ መጀመር አለበት። ለምሳሌ ትራንስፖርት፣ ኢንተርኔት፣ የዕቃ እርጅናና የቤት አስቤዛ ተደምሮ የወር ወጪው 60,000 ብር የሆነ ሰው በወር 8 የቀረጻ ቀን ቢያገኝ፣ እያንዳንዱ ቀን 7,500 ብር ካላስገባ ይከስራል። 8 ቀን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ የቀረጻ ቀን አንድ ቀን ለዝግጅትና ለስብሰባ፣ አንድ ቀን ለማረም ይወስዳል፤ 8ቱ ቀን 24 ቀን ሆነ ማለት ነው።

ሥራ ለማግኘት ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ ምርጥ ፎቶዎች ከ200 መካከለኛ ፎቶዎች ይበልጣሉ። ሆቴሎችና ድርጅቶች ደረሰኝ ስለሚጠይቁ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት የገበያውን በር ይከፍታል።

ውልና የባለቤትነት መብት

ብዙ ጠብ የሚነሳው «ተግባብተናል» ከተባለ በኋላ ነው። በውሉ ውስጥ የምግቡና የፎቶው ብዛት፣ የማስረከቢያ ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ቀብድ፣ ቀረጻ ቢሰረዝ የሚከፈለውና ፎቶው የት የት እንደሚውል መጻፍ አለበት። በዱቤ መዋዋልን መመዝገብ በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 የታዘዘ መሆኑን እናውቃለን፤ መጻፍ አለመተማመን አይደለም።

በተለይ የባለቤትነቱ ጉዳይ ትኩረት ይሻል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል። ሆኖም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ የአዛዡ ይሆናል። ፎቶውን ለናሙና ማሳየት ወይም ለሌላ አገልግሎት ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ የሚፈልግ ባለሙያ ይህን አስቀድሞ በውሉ ያስፍር።

የዕቃ መግዣና የሥራ ወቅት

ካሜራ በወለድ ብድር መግዛት ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመሩት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች፣ እንዲሁም የሌሎች ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች አሉ። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ በክፍያ ጊዜ ይሸጣል። ከዚያ በፊት ግን በኪራይ ዕቃ ጥቂት ሥራ ሠርቶ ገበያውን መፈተን ይመከራል።

ሥራው ወቅት አለው። የረመዳን ሳምቡሳ፣ ሾርባና ተምር ማስታወቂያ የሚቀረጸው በሸዕባን ነው፤ የጾም ምናሌ የሚያዘጋጁ ምግብ ቤቶችም ከሁዳዴ በፊት ይፈልጉዎታል። በምግብ ቤት ውስጥ ምቹው ሰዓት የምሳ ግርግር ሳይጀምር ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው።

ለመጀመር ለሚፈልግ አንድ መልመጃ እነሆ፦ አንድ ምግብ ይምረጡ። ለ30 ቀን በየቀኑ በዚያው መስኮት፣ ብርሃኑን አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከኋላ አድርገው ያንሱት፤ በየሳምንቱ መጨረሻም ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያወዳድሩ። ከዚያ በሰፈርዎ ያለች አንዲት ምግብ ሻጭ 5 ፎቶ አንሥተው ይስጧት፤ ገዢዎቿ ፎቶውን አይተው የመጡበትን ምግብ በሳህናቸው ላይ ካገኙት ሥራዎ ተሳክቷል።