ሙቀትና ጩኸት ለሚከብዳቸው ሕፃናት በቆላማ አካባቢ ምቹ ማረፊያ እንዴት ይዘጋጃል?

አብርሃ ጅራ በምዕራብ ጎንደር ዞን የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሚመረትበት በዚህ ቆላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይበረታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በቆርቆሮ ክዳን ላይ የሚወርደው ዝናብ ሰው ከሰው አያደማምጥም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ላለበት ሕፃን ይህ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት የመማር፣ የመረዳትና የዕለት ተዕለት ተግባርን የማከናወን ክህሎት ከእኩዮች ዝቅ ብሎ ሲገኝ ነው። ኦቲዝም ከዚህ የተለየ ቢሆንም ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ ወይም ንክኪ ከሌላው ሰው አብልጦ የሚሰማቸው አሉ። ጆሮውን ይዞ የሚጮኽ ወይም ከክፍል ሮጦ የሚወጣ ልጅ ባለጌ ተብሎ ሲቀጣ ጭንቀቱ ይብስበታል፤ ቤት ውስጥ ሲደበቅ ደግሞ ትምህርቱን ያጣል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸው ኦቲዝም አነሣሥቷቸው እ.ኤ.አ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተዋል። ከእንዲህ ያሉ ማዕከላት ርቆ የሚኖር ቤተሰብ ግን በእጁ ባለው ነገር መጀመር ይችላል።

ማረፊያው ከመንገድ፣ ከወፍጮ ቤትና ከምድጃ ጭስ ይራቅ። የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ያለው ጎጆ ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ ቀዝቃዛና ጸጥተኛ ነው፤ ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ ማበጀት ሙቀቱንም ጩኸቱንም ይቀንሳል። ኃይለኛ ብርሃን በመጋረጃ ይለዝባል። ወለሉ ላይ ሰሌን ይነጠፍ፤ ዕቃም ይቀነስ። ጥጥ፣ አሸዋና ማሽላ ለመዳሰሻ ያገለግላሉ፤ ሕፃኑ ፍሬ ወደ አፉ ወይም ወደ አፍንጫው እንዳይከት አዋቂ ሰው አይለየው። ቦታው መቅጫ ወይም መቆለፊያ ሊሆን አይገባም፤ ልጁ ሲፈልግ ገብቶ ሲረጋጋ ይወጣበታል።

በትምህርት ቤትም ከመስኮትና ከበር የራቀ መቀመጫ፣ የማይለዋወጥ የዕለት ሥርዓትና ደወል ከመደወሉ በፊት ለልጁ መንገር ያግዛሉ። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር። ይሁንና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ ብቻውን የክፍል ጩኸትን አይቀንስም።

አንድ ነገር ተለውጦ ለጥቂት ቀናት ልጁን መመልከት ተገቢ ነው። ረጋ ብሎ ከቆየ ለውጡ ሠርቷል፤ ካልሆነ ሌላ ይሞከራል። የመስማትና የማየት ችግር እንዳለበት ለማወቅም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።