ለፈለገ ብቻ የሚታይ ፍቅር፦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በቪዲዮ ጌም ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1986 ኢንፎኮም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ሙንሚስት» የተሰኘ ጌም አወጣ። ጌሙ ሥዕል የለውም፤ ተጫዋቹ ታሪኩን እያነበበ ትእዛዙን በጽሑፍ ይሰጣል። ታሪኩ የሚካሄደው ኮርንዎል፣ እንግሊዝ ውስጥ በሚገኝ ግንብ ሲሆን፣ ተጫዋቹ መጀመሪያ ላይ በሚመርጠው ቀለም መሠረት አራት የተለያየ መልክ ይይዛል። በአንደኛው መልክ ወንጀለኛዋ ቪቪየን የምትባል ሠዓሊ ናት፤ ለበቀል ያነሣሣትም ያፈቀረቻት ሴት ሞት እንደሆነ ይጠቆማል። ሌላ ቀለም የመረጠ ሰው ይህን ሳያውቅ ጌሙን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በጌሞች ውስጥ የኖረው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ ለፈለገው ይገኛል፣ ላልፈለገው አይታይም።

በ1989 የወጣው «ኬፐር ኢን ዘ ካስትሮ» ግን ምንም አልደበቀም። ካስትሮ በሳን ፍራንሲስኮ የጌዮችና የሌዝቢያኖች መኖሪያ ሆኖ የታወቀ ሰፈር ነው፤ በዚያ ዘመን ኤድስ ነዋሪዎቹን እየጨረሰ ነበር። ሲ. ኤም. ራልፍ ጌሙን የሠራችው በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ በሃይፐርካርድ ፕሮግራም ነው። ተጫዋቹ በጥቁርና ነጭ ሥዕሎች መካከል በማውስ እየተዘዋወረ ፍንጭ ይለቅማል። መርማሪዋ ትራከር ማክዳይክ ሌዝቢያን ናት፤ የምትፈልገውም የታፈነች የድራግ አርቲስት፣ ቴሲ ላፋምን ነው። ራልፍ ጌሙን በነፃ አሰራጭታ፣ የወደደው ሰው ለኤድስ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ እንዲለግስ ጠየቀች። በሱቅ የተሸጠው ግን ሌላ ነው፤ የሌዝቢያኖችና የጌዮች ነገር ተነቅሎለት «መርደር ኦን ሜይን ስትሪት» የሚል ስም ወጣለት። እንቆቅልሹ ሳይነካ ሰዎቹ ብቻ ተቀየሩ፤ የዘመኑ ገበያ ምን እንደሚፈቅድ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። የመጀመሪያው ጌም ለዓመታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ደራሲዋ ያስቀመጠችው ዲስክ ተገኘ፤ ከ2017 ጀምሮም ማንም ሰው በኢንተርኔት አርካይቭ ሊጫወተው ይችላል።

በትልልቅ ኩባንያዎች ጌሞች ደግሞ ሁኔታው የከፋ ነበር። «ፋይናል ፋይት» ወደ ኒንቴንዶ መጫወቻ ተሸጋግሮ አሜሪካ ሲገባ፣ ፖይዝንና ሮክሲ የተባሉት ገጸ ባሕርያት ወጥተው በሁለት ወንዶች ተተኩ። ፖይዝን ትራንስጀንደር ናት ወይስ አይደለችም የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ለውጡ የመጣው ድርሰቱ ከመሻሻሉ በፊት በጌሙ ሕግ በኩል ነው። በ1998ቱ «ፎልአውት 2» ሞዶክ በምትባል መንደር የሚኖር አባት፣ ከወንድ ወይም ከሴት ልጁ ጋር የተኛውን ተጫዋች ጠመንጃ ደግኖ ያጋባዋል። የተጫዋቹን ጾታ የሚጠይቅ የለም። ኔዘርላንድስ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ የፈቀደችው ከዚያ 3 ዓመት በኋላ ነው።

የ«ዘ ሲምስ» ታሪክ ከዚህም ይገርማል። የማክሲስ ኩባንያ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከጌሙ ለማስቀረት ወስኖ ነበር። አዲስ የተቀጠረው ፕሮግራመር ፓትሪክ ባሬት ግን ከውሳኔው በፊት የተጻፈ የቆየ ሰነድ ተሰጠው፤ እሱም በሰነዱ መሠረት ሠራ። በ1999 በሎስ አንጀለሱ የኢ3 የጌሞች ትርኢት ላይ የሠርግ ትዕይንት ሊቀርብ ሲታቀድ፣ የእያንዳንዱን እንግዳ እንቅስቃሴ አስቀድሞ ለመወሰን ጊዜ አጠረው። በጋዜጠኞች ፊት ከሠርገኞቹ መካከል ሁለት ሴቶች በራሳቸው ተሳሳሙ። ወሬው ትርኢቱን አዳረሰ፤ ፍቅሩም በ2000 በወጣው ጌም ውስጥ ቀረ። ሆኖም የጋብቻ እኩልነት የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ2004ቱ ሁለተኛ ክፍል የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ሥነ ሥርዓት ከጋብቻ የተለየ ስም ነበረው፤ ልዩነቱ የተሰረዘው በ2009ኙ ሦስተኛው ክፍል ነው።

ባዮዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ ደግሞ ፍቅርን የትረካው አካል አደረገው። በ2007 ሲንጋፖር በአንዲት ሴትና በአንዲት የሌላ ዓለም ፍጡር መካከል ባለ ትዕይንት ምክንያት የኩባንያውን ጌም «ማስ ኢፌክት»ን አግዳ ወዲያው እገዳውን አነሣች። በ2011 በወጣው «ድራጎን ኤጅ 2» ለፍቅር ከሚገኙት ባልደረቦች አብዛኞቹ የተጫዋቹ ጾታ ምንም ቢሆን ይገኛሉ። ይህ ለተጫዋቹ ነፃነት ይሰጣል፤ ነገር ግን ፍላጎታቸው እንደ ተጫዋቹ የሚለዋወጥ ሰዎች የራሳቸው የሕይወት ታሪክ ይጎድላቸዋል። የ2014ቱ «ድራጎን ኤጅ፦ ኢንኲዚሽን» ይህን ጉድለት ሞላው። አስማተኛው ዶሪያን የሚያፈቅረው ወንዶችን ብቻ ነው፤ ገጸ ባሕርይውን የጻፈው ዴቪድ ጌይደርም ጌይ ነው። ተጫዋቹ ዶሪያንን ተከትሎ ወደ አንድ መጠጥ ቤት ሲገባ አባቱ ይጠብቀዋል፤ የልጁን ማንነት በደም አስማት ሊለውጥ ያሰበው ይህ አባት ነው። ከተጫዋቹ ጋር ፍቅር ባይጀምርም ዶሪያን ዶሪያን ነው። ጌሙ በሕንድ አልተሸጠም፤ አሳታሚው ኩባንያ ምክንያቱን የአገሪቱ የብልግና ሕግ አድርጎታል።

ሌሎች የጌም ሠሪዎች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። በ2012 አና አንትሮፒ በ«ዲስ4ያ» የሆርሞን ሕክምናዋን ወደ ጌም ቀየረች፤ በ2013ቱ «ጎን ሆም» ተጫዋቹ ባዶ ቤት እየበረበረ የሁለት ልጃገረዶችን ፍቅር ይደርስበታል። በ2020 የወጣው «ቴል ሚ ዋይ» ታይለር የተባለ ትራንስ ወንድን ከሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ አደረገ፤ ድምፁን የሰጠው ተዋናይም ትራንስ ወንድ ነው። እዚህ ላይ ማንነቱ ለተጫዋቹ የተተወ ምርጫ አይደለም።

ክርክሩ ግን አላበቃም። ሩሲያ በ2014 «ዘ ሲምስ 4»ን ለአዋቂዎች ብቻ በሚል ደረጃ መድባው ነበር። በየካቲት 2022 የዚሁ ጌም የሠርግ ተጨማሪ ክፍል ሁለት ሴቶች ሲጋቡ በሚያሳይ ማስታወቂያ ቀረበ፤ የጌሙ ኩባንያም በሩሲያ እንደማይሸጠው ገለጸ። ተጫዋቾች ተቃወሙ። ከቀናት በኋላ ኩባንያው ውሳኔውን ለውጦ፣ ምንም ሳይቆረጥ በሩሲያም ለሽያጭ አቀረበው።