ባኻራኽ፦ በራይን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ

ዛሬ የምንነግራችሁ በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር ስለምትገኝ ባኻራኽ ስለምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ ገደማ ቢሆኑ ነው። ሆኖም ታሪኳ ከአይሁድ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ልናውቀው ይገባል። ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባኻራኽ የወይን ተክል በለበሰ ቁልቁለት ሥር ተቀምጣለች። በጥንት ዘመን የከበረችው በወይን ጠጅ ንግድ ነው። ከእርሷ በላይ፣ በቢንገን ከተማ አጠገብ፣ ወንዙ ቋጥኝ ስለነበረበት ትልልቅ መርከቦች አያልፉም ነበር። ስለዚህ ወይን ጠጁ በትንንሽ ጀልባዎች ያንን ስፍራ ካለፈ በኋላ ባኻራኽ ላይ ወደ ትልልቅ መርከቦች ይዛወር ነበር። በሌላ ቦታ የተመረተው ሳይቀር በእርሷ ስም ይሸጥ ነበር። በ1368 የተሠራው «አሮጌው ቤት» የሚባለው የእንጨት ማገር ያለው ቤት ዛሬም ቆሟል። በኮረብታው ላይ ያለው የሽታልኤክ ግንብም አሁን የወጣቶች ማረፊያ ነው።

ከግንቡ ዝቅ ብሎ ጣሪያ የሌለው፣ ከቀይ ድንጋይ የተሠራ የጸሎት ቤት ፍርስራሽ ይታያል። ጎብኚ ሁሉ ውበቱን ያደንቃል። የተሠራበት ምክንያት ግን ያሳዝናል።

በ1287 በጸደይ ወራት ቨርነር የተባለ የ16 ዓመት የቀን ሠራተኛ በባኻራኽ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ልጁ ኦበርቬዘል በምትባለው ጎረቤት ከተማ በአይሁድ ቤት ይሠራ ስለነበር «ለፋሲካቸው ደሙን ፈልገው ገደሉት» ተብሎ ተወራ። ኦሪት ደም መብላትን አጥብቃ እንደምትከለክል እኛ እናውቃለን። ወሬውን ያመነ ሰው ግን ይህን አልጠየቀም። በራይንና በሞዘል ወንዞች ዳር ብዙ አይሁድ ተገደሉ። ንጉሡ ቀዳማዊ ሩዶልፍ ክሱን ሳያምን ቀርቶ ገዳዮቹን መቀጮ አስከፈለ። ሕዝቡ ግን ልጁን እንደ ቅዱስ ቆጥሮ በመቃብሩ ላይ ያንን የጸሎት ቤት ሠራለት። በ1689 የፈረንሳይ ጦር ግንቡን በባሩድ ሲያፈርስ ድንጋዩ ወርዶ የጸሎት ቤቱን ደረመሰው።

ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ጀርመናዊ ባለቅኔ ሃይንሪኽ ሃይነ በ1840 «የባኻራኽ ረቢ» የተባለ ድርሰት አሳተመ። በታሪኩ በፋሲካ ማታ ሁለት እንግዶች የልጅ ሬሳ ከማዕዱ ሥር በስውር ያስቀምጣሉ። ረቢው ይህን አይቶ ሚስቱን ይዞ በሌሊት በጀልባ ይሸሻል።

የትሪር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ቨርነርን ከቅዱሳን ዝርዝር ያወጣው በ1963 ነው። ውሸቱ ከተወራ 676 ዓመት አልፎ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በፍርስራሹ ላይ በአይሁድ ላይ ስለተፈጸመው በደል ይቅርታ የሚለምን ጸሎት ተጽፎ ይነበባል።

ይህን ስንሰማ የራሳችን ነገር ትዝ ይለናል። በጎንደርም በትግራይም አባቶቻችን ብረት ስለቀጠቀጡ፣ እናቶቻችን ሸክላ ስለሠሩ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይባሉ ነበር። ሰው በታመመ ቁጥር ጣት ወደ እነርሱ ይቀሰር ነበር። የባኻራኽ አይሁድና የእኛ አባቶች ተያይተው አያውቁም፤ የተወራባቸው ወሬ ግን የአንድ እናት ልጅ ነው።

እንግዲህ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ስለ አውሮፓ አይሁድ ተምረው ሲመጡ፣ እናንተም የቡዳውን ነገር ሳታፍሩ ንገሯቸው። ነውሩ የአውሪው እንጂ የተወራበት ሰው አይደለም።