«የርቀት ጥሪ»፦ የአንድ የኮምፒዩተር ቃል ታሪክና የአማርኛ አቻው

አንድ የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ፣ አቻ ከመፈለግ አስቀድሞ ጽንሰ ሐሳቡ እንዴት እንደ ተወለደ መመርመር ይገባል። ይህ ካልሆነ ቃሉ ይተረጎማል እንጂ ነገሩ አይተላለፍም። እዚህ የምንመለከተው፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ፕሮግራም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚገኝ ንኡስ ፕሮግራም ጠርቶ የሚያሠራበትን ዘዴ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በተዘረጋው የአርፓኔት መረብ እያንዳንዱ አገልግሎት የየራሱ የትእዛዝና የምላሽ ቋንቋ ነበረው። በ1976 ጄምስ ኋይት አር ኤፍ ሲ 707 በተባለው ሰነድ ይህ ልዩ ልዩነት ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድ የጥሪ ሥርዐት እንዲጠቃለል ሐሳብ አቀረበ። ይሁን እንጂ በቅርብ ያለውን መጥራት ርካሽ፣ በሩቅ ያለውን መጥራት ግን ውድ መሆኑን ያን ጊዜውኑ አሳስቦ ነበር።

ብሩስ ኔልሰን በ1981 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ጉዳይ ላይ ጻፈ፤ በ1984ም ከአንድሩ ቢረል ጋር በዜሮክስ የምርምር ማእከል የተሠራውን ሥርዐት ለኅትመት አበቃ። በዚህ ሥርዐት ጠሪው በቀጥታ የሚያነጋግረው በአጠገቡ የቆመውን ትንሽ ምትክ ፕሮግራም ነው። ምትኩ የተሰጠውን መረጃ ጠቅልሎ በመረቡ ይልካል፤ በወዲያኛው ወገን ያለው ጓደኛው ፈትቶ ያሠራል፤ ውጤቱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ለዚህ ምትክ እንግሊዝኛው የሰጠው ስም የጉቶ ስም ነው። «ጉቶ» ብለን ብንተረጉም ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግርም። «ተጠሪ» መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ከሚጠራው ንኡስ ፕሮግራም ጋር ይምታታል። እኛ «እንደራሴ» የሚለውን እንመርጣለን። እንደራሴ የሌላውን ቦታ ይዞ በስሙ ይሠራል፤ ቃሉ ራሱ «እንደ እኔው» ማለት ነውና። በጠሪው ዘንድ ያለው የተጠሪው፣ በተጠሪው ዘንድ ያለው ደግሞ የጠሪው እንደራሴ ይሆናል።

ዘዴው ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የራሱን ደንብ በ1988 በአር ኤፍ ሲ አሳተመ። በ1998 ኤክስ ኤም ኤል አር ፒ ሲ ጥሪውን በተራ ጽሑፍ በድረ ገጽ መንገድ አሳለፈ። በ2010 የወጣው የጄሰን አር ፒ ሲ ሁለተኛ ደንብ ደግሞ ጥያቄውን በጥቂት ነገሮች ወሰነው፤ የደንቡ መለያ፣ የሚጠራው ሥራ ስም፣ ግብአቱና መልሱን ከጥያቄው ጋር የሚያገናኝ ምልክት ናቸው። ስለዚህም ለጠሪው ወገን የሚዘጋጀው የሥራ ስብስብ እጅግ ትንሽ ሊሆን ቻለ።

እንዲህ ያለውን ስብስብ «ቀላል» ማለት ግን ያሳስታል። አማርኛ ክብደት የሌለውንም፣ የማያስቸግረውንም በአንድ ቃል «ቀላል» ይላልና። ስብስቡ ማኅደረ ትውስታን አያጨናንቅም፤ ጥሪው ግን የማያስቸግር አይደለም። በቢረልና በኔልሰን ሥርዐት መልስ ከመጣ ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቷል፤ መልስ ካልመጣ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንደ ሆነ ወይም ጨርሶ አልተሠራ እንደ ሆነ ጠሪው ማወቅ አይችልም። ገንዘብ እንዲተላለፍ የጠራ ሰው መልስ ቢያጣ ደግሞ መጥራቱ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍለው ይችላል። ጂም ዋልዶና ባልደረቦቹ በ1994 የሩቁን ከቅርቡ ጋር አንድ ማስመሰል ስሕተት ነው ያሉት በዚህና ይህን በመሳሰሉ ምክንያቶች ነው።

ስለሆነም «ጥሪ» የሚለው ብቻውን እንዳይቀመጥ፣ «የርቀት ጥሪ» ተብሎ እንዲመዘገብ፤ ስብስቡም «ቀላል» ሳይሆን «ክብደተ ቢስ» ከሚል ነቀፌታ ርቆ «አነስተኛ የጠሪ ስብስብ» እንዲባል እናቀርባለን። ርቀቱን የሚሸሽግ ስም ለፕሮግራም ጸሓፊው አይበጀውም፤ ርቀቱን የሚናገር ስም ግን ገና ሥራውን ሳይጀምር ያስጠነቅቀዋል።