ከጭስ የተወለደች ቢጫ መብራት

በሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ ወረራት። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ብዙዎች ጃፓን የመርዝ ጋዝ የለቀቀችባቸው መሰላቸው። ጠላቱ ግን ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ በየደጃቸው የቆመው መኪና ዋነኛው ነበር።

ይህን ለማወቅ ዓመታት ፈጀ። የኔዘርላንድ ተወላጁ የካልቴክ ተመራማሪ አሪ ሀገን-ስሚት፣ ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ፀሐይ ሲያገኛቸው ያ ጭጋግ እንደሚፈጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሳየ። የነዳጅ ኢንዱስትሪው ተከራከረው። ካሊፎርኒያ ግን በ1967 የአየር ሀብት ቦርድ ስታቋቁም የመጀመሪያው ሊቀመንበር እሱ ሆነ።

ሕጉ ከዚያ በኋላ ጠበቀ። በ1975 ሞዴል መኪኖች ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተስፋፋ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ፤ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ንጹሕ ቢሆንም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይጠብቀዋል? የካሊፎርኒያ መልስ «መኪናው ራሱን ይጠብቅ» የሚል ነበር። ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናው ራሱን እንዲመረምርና ብልሽት ሲያገኝ መብራት እንዲያበራ አስገደደች። በ1996 ደግሞ ባለ 16 ፒኑ መሰኪያና የጋራ ኮዶቹ በመላው አሜሪካ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ ሆኑ። ዛሬ «ቼክ ኢንጅን» የምንላት ቢጫ መብራት ታሪኳ ይህ ነው።

ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው መብራቷን በተሳሳተ መንገድ ያነባታል። መብራቷ በዋናነት የተሾመችው ለጭሱ ዘበኛ እንድትሆን ነው፤ የሞተር ሐኪም አይደለችም። ለምሳሌ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጫፉ ተቃጥሎ በደንብ መግጠም ቢያቅተው፣ ኮምፒውተሩ ቫልቩን አያየውም። የሚያየው የሞተሩ ዙር መንገጫገጩን ብቻ ነውና ፒ0301 ብሎ ይመዘግባል፤ ትርጉሙም አንደኛው ሲሊንደር በአግባቡ አላቃጠለም ማለት ነው። ምክንያቱ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ኢንጀክተር ወይም ቫልቭ ሊሆን ይችላል።

የቀረውን የሚጨርሰው የመካኒክ እጅ ነው። ካንዴላው ተፈትቶ ኮምፕረሽን ይለካል። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል፤ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ወደ ፒስተን ቀለበቶች ይሄዳል፣ ካልተለወጠ ወደ ቫልቮቹ ያመዝናል። ሁለቱ ቫልቮች በተዘጉበት ሁኔታ ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ሲነፋ ድምፁ በማርሚታ በኩል ከተሰማ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያው በኩል ከተሰማ ደግሞ የማስገቢያው ቫልቭ ያፈሳል። ኮድ አንብቦ ዕቃ የሚቀይር ግን የባለቤቱን ገንዘብ ያቃጥላል። ኮዱን አጥፍቶ መኪና የሚሸጥ ደግሞ ገዢውን ያታልላል። መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች የሚነዳ ሰው ያልተቃጠለው ነዳጅ ኮንቨርተሩን አቅልጦ ሊያበላሽበት ይችላል።

ዘበኛም ራሱ ሊዋሽ እንደሚችል ታይቷል። በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን በሚሆኑ ናፍጣ መኪኖች ላይ ፈተናን የሚያታልል ሶፍትዌር እንደነበረ ታወቀ። መኪኖቹ መንገድ ላይ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲለቁ ዳሽቦርዱ ዝም ብሎ ነበር። እውነቱን ያወጡት መሣሪያቸውን በማርሚታው ጭስ ላይ ገጥመው መንገድ ላይ የለኩ ተመራማሪዎች ናቸው።

ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗን አስታውቃለች። በመንገድ ላይ ያሉት ግን አልጠፉም፤ ከእንግዲህ እያረጁ ነው የሚሄዱት። ቫልቫቸው ይቃጠላል፣ መብራታቸው ይበራል። ስለዚህ የአዲስ አበባን አየር የሚወስነው አዲስ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ ያቺ ቢጫ መብራት ስትበራ የሚደረገውም ነው። ብልሽቱ ተፈልጎ ከተጠገነ መብራቷ ራሷ ትጠፋለች። እሷ ብቻ ከጠፋች ግን ጭሱ ይቀጥላል፤ የሚተነፍሰውም ሕዝብ ነው።