ክፉ ቀን (1880–1884 ዓ.ም.)

ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1888–1892) በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የደረሰው ታላቅ ረሃብ መጠሪያ ነው። ሦስት መዓቶች ተደራርበው ያመጡት ነው፦ የቀንድ ከብቱን ጠራርጎ የፈጀ ወረርሽኝ፣ የዝናብ መጥፋት፣ የአንበጣና የተምች መንጋ። በረሃቡ የተዳከመውን ሕዝብ ተላላፊ በሽታዎች ተከትለው ጨርሰውታል። ዘመኑ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ መንግሥት የመጨረሻ ወራትና የዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በሽታው

ከብቱን የጨረሰው ሪንደርፔስት፣ በአማርኛ ደስታ የሚባለው በሽታ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ የሰውን ኩፍኝ ከሚያመጣው ጋር ይዛመዳል፤ ሰውን ግን አይዝም። የተያዘ ከብት ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይዝረከረካል፣ አፉ ውስጥ ይቆስላል፣ ቀጥሎ በኃይል ያስቀምጠዋል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይሞታል። ከበሽታው የዳነ ከብት ዕድሜውን ሙሉ አይያዝም። ቫይረሱ ከከብት አካል ውጭ ብዙ አይቆይም፤ የሚተላለፈው ከብት ከከብት ጋር ሲቀራረብ ነው። በመሆኑም በሽታው የሚሄደው መንጋ በሚነዳበት መንገድ ነው።

የበሽታው አመጣጥ

በሽታው ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደገባ የሚነገረው አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ጸሐፊዎች የተቀበሉት ምጽዋን መነሻ የሚያደርገውን ነው። ጣሊያኖች ምጽዋን የያዙት በ1877 ነበር። በ1879 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ ሮም በጄኔራል ዲ ሳን ማርዛኖ የሚመራ ወደ 20,000 የሚጠጋ ጦር ላከች። ይህን ያህል ሰው በዚያ በረሃማ ጠረፍ ለመቀለብ የሚታረድ ከብት፣ ጓዙንም ለማንቀሳቀስ የጭነት እንስሳ ያስፈልግ ስለነበር ከባሕር ማዶ በመርከብ ይጫን ጀመር። በዚህ ትረካ መሠረት በ1880 መግቢያ ገደማ ከሕንድ ከመጡት ከብቶች መካከል የታመሙ ነበሩ። በሽታው ከምጽዋ ወደ ሐማሴን ወጣ፤ ከዚያም ትግራይን አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመንገደኞችን፣ የሚስዮናውያንንና የጣሊያን ሹማምንትን ጽሑፎች አሰባስቦ ስለዚህ ረሃብ ባሳተመው ጥናት የተከተለው ይህንኑ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የጻፉትም በአብዛኛው እርሱን ይጠቅሳሉ።

መነሻው ምጽዋ መሆኑን ተቀብለው ከብቶቹ የመጡበትን አገር የሚለውጡም አሉ። አንዳንዶቹ ዓደንን፣ አንዳንዶቹ የጥቁር ባሕር ዳርቻ የሆነውን ደቡብ ሩሲያን ይጠቅሳሉ። ዓደን በዘመኑ የሕንድ ዕቃ መተላለፊያ ወደብ ስለነበረች ሁለቱ ትረካዎች የግድ አይጣሉም። የሩሲያው ግን ከዚህ ጋር የሚታረቅ አይመስልም።

ሦስተኛው አስተያየት በሽታውን ከዓባይ ሸለቆ ያመጣዋል። ግብፅ ሪንደርፔስትን ከእ.ኤ.አ. 1840ዎቹ ጀምሮ ታውቀው ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1884 እና በ1885 ካርቱም ውስጥ የተከበበውን ጄኔራላቸውን ጎርደንን ለማዳን በዘመቱ ጊዜ ለሠራዊቱ የተነዳው ከብት በሽታውን ወደ ሱዳን አስገብቷል፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሯል ይላሉ። ይህን አስተያየት የሚያዳክመው የጊዜው ነገር ነው። በሽታው ሱዳን የገባው በዚያ ዘመቻ ከሆነ፣ ድንበር ለመሻገር ሦስት ዓመት የፈጀበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠበቃል። የሱዳን መሐዲስቶች ጦር በጥር 1880 ጎንደር ድረስ ዘልቆ ከተማዋን አቃጥሎ ስለነበር መንገዱ ፈጽሞ የማይታሰብ አይደለም። ሆኖም እልቂቱ አስቀድሞ የተመዘገበው በቀይ ባሕር በኩል ነው። በዚህ መጣጥፍ አዘጋጅ ግምት ጊዜውም አቅጣጫውም ለምጽዋ ያደላል።

ጣሊያኖች በሽታውን አገር ለማዳከም ሆን ብለው ነው ያስገቡት የሚልም አለ። ለዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም፤ ከብቱን ያስመጡት ለራሳቸው ሠራዊት ነበርና። ኋላም ቅኝ ግዛታቸው ያደረጉት ደጋ በዚያው መዓት ተመትቷል። የቸልተኝነታቸው ነገር ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቁጥጥር ቢደረግ የታመመ ከብት ከመርከብ ላይወርድ ይችል ነበር።

ከምጽዋ ወዲያ በሽታውን ለማሰራጨት ዘመቻዎቹ ሳይረዱት አልቀሩም። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1880 ታላቅ ጦር ይዘው በጣሊያኖች ምሽግ ፊት ለፊት ሰዓጢ ላይ ሰፍረው ነበር። ሳይዋጉ ተመለሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ጎጃም ዘመቱ፤ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። በዘመኑ ሠራዊት ሲጓዝ የሚታረደውን እየነዳ፣ ያጣውን ከባላገር እየወሰደ ነበር። በሽታው ሸዋን፣ ሐረርጌንና የደቡቡን አርብቶ አደር አገር ለማዳረስ ረጅም ጊዜ አልፈጀበትም።

ከእልቂቱ ወደ ረሃቡ

የደጋው ገበሬ ከብት ሲያልቅበት ያጣው ሥጋና ወተት ብቻ አልነበረም፤ የሚያርስበትን ጥማድ በሬ ጭምር ነው። በደጉ ዘመን አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ፣ ምንም የሌለው ደግሞ በጉልበቱ ወይም በምርቱ ከፍሎ ያሳርሳል። በዚህ ጊዜ ግን የጎረቤቱም በሬ ሞቷል። የረሃቡ ክብደት ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ዝናብ በሚቀጥለው ዓመት ሊመለስ ይችላል፣ ጥጃ በሬ እስኪሆን ግን ዓመታት ይፈጃል።

የ1880 ክረምት ዝናብ ስለከዳ የ1881 መኸር ብዙ ቦታ ላይ ምርት አልሰጠም። የተዘራውን አንበጣና ተምች ወረረው፤ በጎተራ የቀረውን አይጥ ፈጀው። የእህል ዋጋ ብዙ እጥፍ ናረ። በሕይወት የተረፈ በሬ ከባላገሩ አቅም በላይ ሆነ። ሰው ሥራሥርና የዱር ቅጠል ወደ መልቀም፣ ቁርበት ወደ መብላት ወረደ። ጅብና ነብር የሚቀብረው ያጣ ሬሳ ስለለመዱ በቁም ያለውን ደካማ እስከማጥቃት መድረሳቸውን የዘመኑ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ለባርነት የሰጡ እንደነበሩም ተጽፏል። የሰው ሥጋ ተበላ የሚሉ ወሬዎች በአገር ውስጥም በውጭ ጸሐፊዎችም ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ከሰሚ ሰሚ የተቀበሏቸው ስለሆኑ በጥንቃቄ መታየት አለባቸው።

ፈንጣጣ፣ ተስቦ፣ ኮሌራና ኢንፍሉዌንዛ በእነዚሁ ዓመታት ገብተዋል። እህል ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ጦር ሰፈር የጎረፈው ሕዝብ መጨናነቁ ለእነዚህ በሽታዎች ሳይመቻቸው አልቀረም። በረሃብ የሞተውን በበሽታ ከሞተው መለየት አይቻልም።

እንሰት የሚተክሉ የደቡብ አገሮች በበሬ ስለማያርሱ ከሌላው የተሻለ እንደተቋቋሙት ይገመታል።

የሞቱት ስንት ናቸው?

በብዙ መጻሕፍት የሚደጋገመው ከሕዝቡ ሲሶው፣ ከከብቱ ደግሞ ከመቶ ዘጠናው አለቀ የሚለው ነው። አኃዙ በሰፊው ስለታወቀ ተቆጥሮ የተገኘ ይመስላል፤ ነገር ግን በዘመኑ ኢትዮጵያ ውስጥ የሕዝብ ቆጠራ አልነበረም። ግምቱ የመጣው በአገሩ ካለፉ አውሮፓውያን፣ ከሚስዮናውያንና ከሹማምንት ነው። እነዚህ ሰዎች የተጓዙት በሲራራ ነጋዴዎች ጎዳና ነበር። ጎዳናው የጦር ሠራዊትም መተላለፊያ ስለሆነ አስቀድሞ የተራቆተውና የተጎዳው እርሱ ነው። ከመንገዱ ራቅ ብሎ የተረፈ ቀበሌ ቢኖር አላዩትም፤ ፈጽሞ የጠፋ ቢኖርም እንዲሁ። ሲሶው የሚለውን እንደ ምስክሮቹ የድንጋጤ መጠን ማንበብ እንደ ስታትስቲክስ ከማንበብ ይሻላል። የከብቱ ግምት የተሻለ መሠረት አለው፤ በሽታው ከዚያ በፊት ባልተለመደባቸው ሌሎች አገሮችም ያደረሰው ጉዳት ተመሳሳይ ነውና።

የቤተ መንግሥቱ እርምጃዎች

ስለዚህ ክፍል የምናውቀው በአብዛኛው ከጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕልና ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የምኒልክ ታሪክ ነው፤ ሁለቱም የተጻፉት ንጉሡን ለማመስገን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በትረካው መሠረት ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን ቀለቡ። ያለ በሬ ማረስ አይሆንም ያለውን ሰው ለማደፋፈር ዶማ ይዘው ራሳቸው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም ተከተሏቸው። መሬት በእጅ መቆፈርን የደጋው ገበሬ እንደ ውርደት ይቆጥረው ስለነበር ንጉሠ ነገሥት ዶማ ማንሳቱ ትልቅ ነገር ነበር።

በዜና መዋዕል እምብዛም የማይጎላው ሌላው ገጽ ዘረፋው ነው። ከብት ያልጨረሱ አገሮች ላይ በተደረጉ ዘመቻዎች እጅግ ብዙ ከብት ወደ ሸዋ ተነድቷል፤ ከእነዚህ የሚታወቀው የ1887ቱ የወላይታ ዘመቻ ነው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ረሃቡ ወደ ደቡብ የተደረገውን መስፋፋት አፋጥኖታል ይላሉ። ሐረር በ1879፣ ማለትም ከረሃቡ በፊት መያዙ ሲታይ ግን ብቸኛው ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አስቸጋሪ ነው።

ፖለቲካዊ ውጤት

ጣሊያኖች በ1881 ማብቂያ አሥመራ ሲገቡ የሚመክታቸው ጦር በረሃብና በአፄ ዮሐንስ ሞት ተበታትኖ ነበር። በ1882 ኤርትራን ቅኝ ግዛታቸው አድርገው አወጁ። ምኒልክ በዚያው ዓመት ወደ ትግራይ ቢዘምቱም በአገሩ ስንቅ ስላልነበረ ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ኤርትራ ውስጥ ባለቤቶቹ የሞቱበትን ወይም የተሰደዱበትን መሬት ጣሊያኖች ባለቤት የሌለው አድርገው ቆጥረው ለራሳቸው ሰፋሪዎች መስጠት ጀመሩ። የተረፈው ባላገር ሲመለስ ርስቱ ተወስዶ አገኘው። በታኅሣሥ 1887 ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በአካለ ጉዛይ ያስነሱት ዐመፅ አንዱ ምክንያት ይኸው የመሬት ነጠቃ ነበር። ዓድዋ የመጣው ክፉ ቀን ባለፈ በአራተኛው ዓመት ነው፤ በዚያ ዘመቻም ስንቅ እያለቀ መሄዱ ሠራዊቱን ክፉኛ አስጨንቆት ነበር።

ከኢትዮጵያ ውጭ

በሽታው በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ ተጓዘ። የማሳይ ሕዝብ ኢሙታይ የሚለው የጥፋት ዘመን የመጣው በከብት እልቂቱ፣ በፈንጣጣውና በድርቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በአገሩ ያለፈው ኦስትሪያዊው ኦስካር ባውማን ከማሳዮች ሁለት ሦስተኛው አልቀዋል ብሎ ገምቷል፤ ከላይ ስለ ሲሶው የተባለው ጥርጣሬ ለዚህም ይሠራል። ጎሽና ሌሎች ሸሆና ያላቸው የዱር እንስሳትም አልቀዋል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ኬፕ ደረሰ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥታት በረጅም የሽቦ አጥር ሊገቱት ሞክረው አልሆነላቸውም። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ኪምበርሊ ተጠርቶ የከብት ሐሞት በመውጋት የመከላከል ዘዴ ሞከረ።

በጽሑፍ

የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ጽፈው ያሳተሙት መጽሐፍ ዘመኑን ከቤተ መንግሥት ውጭ ከነበረ ሰው አንደበት ለሚፈልግ ጠቃሚ ነው።

የበሽታው መጥፋት

እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ የሠራው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአፍሪካ በዘመቻ ተሰጠ። በሽታው ሊጠፋ ተቃርቦ ክትትሉ ሲላላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደገና አገረሸ። ከዚያ ወዲህ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተገኘ። የመንግሥት ሐኪም በማይደርስበት በአፋር ደግሞ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ከተቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው የበሽታው ምልክት የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያው አፋር ነው፤ በዓለም የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2001 ኬንያ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሪንደርፔስት ከምድር ላይ መጥፋቱን አወጁ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ እንዲህ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ለምርምርና ለመጠባበቂያ የቀረው ቫይረስና ክትባት በጥቂት የተፈቀደላቸው ማዕከላት ይጠበቃል፤ በአፍሪካ ይህን የሚይዘው ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው።